ጆሮ የሚከራይበት ቤት

«ቀዝቀዝ አድርጊው እንጂ ልጄ! ጭንቅላቴን ልትቀቅዪው ነው እንዴ?»

ባለፋርማሲዋ አንገቷን የፀጉር ቤቱ መታጠቢያ ላይ እንዳጋደመች ጮኸች። ፀጉሯን የምታጥባት ልጅ፣ ሣጥን፣ ደንግጣ ቧንቧውን ወደ ቀዝቃዛው አዞረች። ጥፋቱ የእጇ አልነበረም፤ የጆሮዋ ነው። ሴትዮዋ አሁን የተናገረችው ነገር በጆሮዋ ገብቶ እጇን አደንዝዞት ነበር።

«ይቅርታ እትዬ።»

«ግዴለም። ምን ላይ ነበርኩ?» አለች ባለፋርማሲዋ ዓይኗን እንደጨፈነች። «አዎ፣ ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን፤ እኔና ልጄ። እህቴ ያለችበት ከተማ ቤት አግኝቻለሁ። አባቷ አብሮን አይመጣም። በቃ፣ አልሆነልንም፣ ተለያየን። ልጅቷ ግን ምንም አታውቅም። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ደረሰ፤ ምን ብዬ እንደምጀምርላት ጠፋኝ።»

«እህ፣» አለች የሣጥን እናት፣ አጠገባቸው ቆማ ፎጣ እያጠፈች።

የእናቷ መልስ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ሰው ቢወለድም እህ፣ ቢጣላም እህ። ከወዲያ ሁለት ሴቶች ካስክ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ከትተው ፀጉራቸውን ያደርቃሉ፤ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ እንኳን የሰው ወሬ የራሳቸውንም ሐሳብ አይሰሙም። መታጠቢያው ጋ የተባለውን የሰማ ከእናትና ልጅ በቀር ማንም የለም።

ባለፋርማሲዋ ፀጉሯ በፎጣ ተጠቅልሎላት ቀና ስትል ዓይኗ ከሣጥን ዓይን ጋር ገጠመ። ትዝ ያላት ያኔ ነው።

«ውይ! አንቺ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አይደለሽ እንዴ የምትቀመጪው?»

ሣጥን አፏን ሳትከፍት እናቷ ቀደመቻት። «ኧረ አታስቢ! የኔ ልጅ እኮ ሣጥን ናት። የገባባት አይወጣም።»

«እሱስ ልክ ነሽ፣» አለች ሴትዮዋ። ተረጋግታም ወደ መስታወቱ ሄደች።

አለቀ። ቃል ተገብቷል። ቃል የተገባባትን ልጅ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ስሟ ራሱ የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። ድሮ አንዲት ደንበኛ፣ ልጅቷ የሰማችውን እንደማትደግም አይታ፣ «ይቺስ ሣጥን ናት!» ብላ አሞገሰቻት። ሙገሳ ነበር፣ እውነት። ግን ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም እግር አለው፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሙገሳነቱ መንገድ ላይ ወድቆ ቀርቶ ነበር። እረፍት ላይ ልጆች ክብ ሠርተው ሲንጫጩ እሷ ጠጋ ካለች አንዷ «ሣጥን መጣች፣ ላሽ!» ትላለች። ክቡ ይበተናል። እሷም ጫማዋን የምታስር መስላ ጎንበስ ትላለች። ክር የሌለው ጫማ ባደረገችበት ቀን እንኳ ጎንበስ ብላ ታውቃለች።

ለምን እንደሚሸሿት ገብቷታል። የከተማው እናት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሆዷን ታራግፋለች። የማን አባት እንደሚጠጣ፣ የማን እህት ከእጮኛዋ እንደተጣላች፣ ማን እስካሁን አልጋ ላይ እንደሚሸና፣ ሁሉንም ታውቃለች ብለው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ ታውቃለች። የቤቱን ገመና ከምታውቅ ልጅ ጋር ደግሞ ማን ኳስ ይጫወታል?

እናቷ ሥራውን የጀመረችው በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ፣ በተዋሰችው አንድ የፕላስቲክ ወንበርና በአንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ ነበር። አባቷ በሕይወት የለም፤ ሌላ የሚሠራ ሰውም አልነበራቸውም። ደንበኛ ሲጠፋ እናቷ ልጇን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራታለች። እየፈታች እንደገና ትሠራታለች። መንገደኛ እያየ «ማን ነው የሠራሽ?» እንዲላት ነው። የፀጉር ቤቱ የመጀመሪያ ማስታወቂያ የሣጥን ጭንቅላት ነበር ማለት ይቻላል። ከሕይወቷ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የምትወደው፤ የእናቷ ጉልበት ጀርባዋ ላይ ተደግፎ፣ ጣቶቿ ራሷ ላይ ሲሄዱ።

ከመንገዱ ማዶ ያኔ ሌላ ፀጉር ቤት ነበረ። ባለቤቷን ባለመስታወቷ ይሏታል፤ ግድግዳዋ ሙሉ መስታወት ነበር። በሙያ ከሆነ የሣጥንን እናት ታስከነዳታለች። ግን አፍ ነበራት። አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛ ምስጢር ጠዋት ወንበሯ ላይ ተነግሮ ከሰዓት ገበያ ውስጥ ተገኘ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? ሴቶቹ አንድ በአንድ መንገዱን ተሻግረው በረንዳው ላይ መሰለፍ ጀመሩ። ባለመስታወቷ ቤቱን ዘግታ ስትሄድ መስታወቶቿን የገዛችው የሣጥን እናት ናት። ዛሬ ፀጉር ቤቱ ሁለት ሰፋፊ ክፍል ሆኗል፣ ሠራተኞች አሉ፣ ሙቅ ውሃው በቧንቧ ይመጣል። መስታወቶቹም እነዚያው ናቸው።

«እነዚህ ለምን እዚህ እንደተሰቀሉ አትርሺ፣» ትላታለች እናቷ እየወለወለች። «ሰው ፀጉር የምንሠራ ይመስለዋል። እኛ የምናከራየው ጆሮ ነው። ሥራ ስትመጪ አፍሽን ቤት ትተሽ ነይ።»

ችግሩ፣ እናቷ ቤት ስትመለስም አፏን የት እንዳስቀመጠችው ትረሳዋለች። ቀኑን ሙሉ የተከራየ ጆሮ ማታ ለልጅ አይተርፍም። ሣጥን «ዛሬ እኮ ትምህርት ቤት...» ብላ ስትጀምር፣ እናቷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ «እህ» ትላለች። ለደንበኛ የምትለው ያው እህ ነው። ፀጉሯንም ከሠራቻት ስንት ጊዜ ሆነ! ሥራው እግሩን ተክሏል፤ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ሣጥን ጠዋት ጠዋት ራሷ ጎትታ በላስቲክ ታስረዋለች።

እንዲህ ባለው ኑሮ መሐል ነው ፌንጣ የመጣችባት። የባለፋርማሲዋ ልጅ ናት። ቁጭ ማለት ስለማትችል ፌንጣ ተባለች። ዘንድሮ ትምህርት ሲጀመር ቦርሳዋን በሣጥን ዴስክ ላይ ወርውራ፣ «አንቺ ሁሉን ነገር ታውቂያለሽ የሚባለው እውነት ነው?» አለቻት።

«አይደለም።»

«አሪፍ! ጠጋ በያ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ለዓመታት የፈራውን እሷ በአንድ ዝላይ ተሻገረችው።

ቢዝነሱም የፌንጣ ሐሳብ ነበር። ልብስ ሰፊው ከሚጥለው ቁርጥራጭ ጨርቅ የፀጉር ማሰሪያ መሥራት። «እጅ አንቺ አለሽ፣ አፍ እኔ አለኝ» አለቻት። «አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?» እውነትም ሌላ አላስፈለገም። ሣጥን ላስቲኩን እንዳይላላ አድርጋ ትሰፋዋለች፤ ፌንጣ አምስት ማሰሪያ እጇ ላይ ደርድራ ከክፍል ክፍል ትዘላለች። ያቺ «ሣጥን መጣች» ትል የነበረችው ልጅ ሳትቀር አረንጓዴውን ገዛች። ገዝታም፣ ሣጥን አጠገቧ ቆማ ሳለ ወሬዋን አላቋረጠችም። ሣጥን ያን ቀን ቤቷ የደረሰችው እየሮጠች ነበር፤ ለማን እንደምትነግረው ግን አላወቀችም።

አሁን ይህቺ ልጅ ልትሄድ ነው። ሣጥን ታውቃለች፤ ፌንጣ አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሰኞ ክፍል ሲገቡ ሣጥን የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችላት። ስንት የተጣሉበት ቦታ ነው! ፌንጣ በጥርጣሬ እያየቻት ተቀመጠች። በማግስቱ ጥሩውን መቀስ ሰጠቻትና ደነዙን ራሷ ያዘች። ከዚያ ፌንጣ ስለሚመጣው ተርም ማውራት ጀመረች።

«ለስፖርት ቡድኖቹ በየቀለማቸው እንሠራላቸዋለን። መጀመሪያ ለቀዮቹ።»

«እሺ፣» አለች ሣጥን።

«ቀይ ትጠዪ የለም እንዴ? ቀይ ያዞረኛል ስትዪ አልነበር?»

«አሁን ወደድኩት።»

ለፌንጣ ጥሩ መሆን ፈልጋ ብቻ ነው። ሌላ የምትሰጣት ነገር አልነበራትም። ወሬውን መስጠት አትችልም፣ ሆድ ይፍጀው ተብሏል፤ ታዲያ ያላትን ሁሉ እየሰጠች ነበር። ረቡዕ ከቦርሳዋ አንድ ማሰሪያ አወጣች። ለራሷ ብላ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ደብቃ ካቆየችው ሰማያዊ ቬልቬት የተሠራ ነው።

«ያንቺ ነው። አትሽጪው።»

ፌንጣ ቬልቬቱን በጉንጯ ዳሰሰችው። «ምነው፣ ልሞት ነው እንዴ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ሣጥን አልሳቀችም። ፌንጣም ሳቋን ቀስ እያለች ተወችው።

«ቆይ ቆይ። ቅዳሜ እናቴ እናንተ ጋ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች።»

ሣጥን ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች።

«ከዚያ ሰኞ መስኮቱን ለቀቅሽልኝ። ከዚያ መቀሱ። ከዚያ ቀዩን ወደድሽ። አትሸውጂኝ! እናቴ ምን አለች?»

«ምንም» ማለት ቀላል ነበር። ሣጥን ግን ዝም ማለት እንጂ መዋሸት አልለመደባትም፤ እሱም ለካ ልምምድ ይፈልጋል።

«ታማለች? አልታመመችም። ታዲያ... ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ስታወጣ አይቻታለሁ። ልንሄድ ነው እንዴ?»

የሣጥን አፍ እንደተዘጋ ነበር። ዓይኗ ግን ከዳት። እንባዋ ዱብ አለ። እሱን ደግሞ ማን ቤት ትተሽ ነይ ብሏት ያውቃል?

ፌንጣ ቬልቬቱን ዴስኩ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልዘለለችም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሄደችው።

በማግስቱ ከሰዓት ባለፋርማሲዋ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ወንበሮቹ ሙሉ ነበሩ።

«ሣጥን ናት ብለሽኝ አልነበር?» አለች ለሣጥን እናት። «ልጄ ትናንት መጥታ የት ነው የምንሄደው አለችኝ! ማን ነገራት? ነፋስ ነው?»

አንዷ ሠራተኛ ካስኩን አጠፋችው። ጸጥ ሲል ሴቶቹ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ሣጥን ዞሩ። የባለመስታወቷ መስታወት ብዙ ስለሆነ፣ የትም ብታይ የሚያያት ዓይን ነበር።

«ተናግረሻል?» አለቻት እናቷ።

«አልተናገርኩም።»

«ታዲያ እንዴት አወቀች?» አለች ባለፋርማሲዋ።

ምን ትበል? «የመስኮቱን ቦታ ስለለቀቅኩላት ነው» ትበል? ማን ያምናታል? ሣጥን ሻምፖ የያዘ እጇን እያየች ቆመች።

እናቷ ፎጣዋን አስቀመጠች። «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣» አለች ለባለፋርማሲዋ። «ልጅ ናት።»

ልጅ ናት! ከእንግዲህ ቢምሉ ቢገዘቱ ማንም አይሰማም፤ እናቷ ራሷ ጥፋተኛ አድርጋታለች።

ባለፋርማሲዋ ወጣች። ወዲያው ግማሽ ራሷን ሹሩባ የተሠራች ሴት ከወንበሯ ተነሳች። «እኔ እንኳ ቸኩያለሁ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ፣» ብላ ሻርፗን አጥልቃ እብስ አለች። በግማሽ ራስ መንገድ የሚያስወጣ ችኮላ ምን ዓይነት እንደሆነ ለሁሉም ገባው። ሹሩባ ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቀረች።

ሣጥን ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች። ከተማው ተናገረች ብሎ ተቀየማት፤ ፌንጣ ደግሞ ዝም አለችኝ ብላ ቦታ ቀየረች። አሁን የመስኮቱም ቦታ፣ ጥሩውም መቀስ የሣጥን ነው፤ ዴስኩም እንዳለ የእሷ ነው። ስትጽፍ ክንዷን የሚገፋ የለም። ድሮም ብቻዋን ነበረች፤ ያኔ ግን ሌላውን ስላላወቀችው ዴስኩ እንዲህ አይሰፋትም ነበር።

አርብ እረፍት ላይ ፌንጣ ራሷ ውሃ ቧንቧው ጋ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ለሥራ ነው የምንሄደው ትላለች። አባቴ በኋላ ይመጣል ትላለች። እናቴ ስትዋሽ አፍንጫዋን ታሻለች፤ ቀይ እስኪሆን አሸችው። አንቺ እውነቱን ታውቂያለሽ።»

ሣጥን ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ዘጋች።

«ስሚ። እውነቱን ከነገርሽኝ፣ ያኔ እንዳልነገርሽኝ ለሁሉም እናገራለሁ። ፀጉር ቤታችሁ መጥቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እምላለሁ። ደግሞ ውሸት አይደለም፣ አልነገርሽኝማ! ስምሽ ይመለሳል፣ ደንበኛም ይመለሳል፣ እኛም... እንደ ድሯችን እንሆናለን።» ፊቷን አዞረች። «ካልሆነ ግን በቃ፣ አንተዋወቅም። ነገ ቤት ነኝ።»

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ቅዳሜ አይመስልም ነበር። ሹሩባ ሠሪዋ ጥፍሯን ስትሞርድ ቆይታ፣ እናቷ «ሂጂ ባክሽ፣ ዕረፊ» ብላ ሸኘቻት። አንዲት አሮጊት ብቻ መጥተው ነበር፤ እሳቸውም ጆሯቸው ስለማይሰማ ወሬው አልደረሳቸውም። እሳቸው ሲሄዱ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እናቷ የወለወለችውን መስታወት ደግማ ወለወለችው። ከዚያ ዞር ብላ ሣጥንን አየቻት፤ ፀጉሯን ማለት ነው።

«ይሄን ራስ እንዲህ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል። ነይ፣ ተቀመጪ።»

ሣጥን መታጠቢያው ላይ አንገቷን አጋደመች። ስንት ጭንቅላት ያጠበችበት መታጠቢያ ነው፤ ከዚህ በኩል ግን አይታው አታውቅም። ጣሪያው ላይ የዝናብ ውሃ የሠራው ቡናማ እድፍ አለ። ለካ ሴቶቹ ሲያወሩ የሚያዩት ይህን ነው። ውሃው ለብ ብሎ መጣ። የእናቷ ጣቶች ከግንባሯ ጀምረው ወደ ማጅራቷ ሄዱ፣ ተመለሱ። ሣጥን ዓይኗን ጨፈነች። ሰዎች እዚህ ለምን እንደሚናዘዙ ያኔ ገባት፤ አፏ ራሱ ተከፈተ።

ሁሉንም አወራች። መስኮቱን፣ መቀሱን፣ ቀዩን ጨርቅ፣ ቬልቬቱን፣ የከዳትን እንባ። የፌንጣንም ውል አወራች።

«እህ፣» አለች እናቷ መጀመሪያ ላይ። ቬልቬቱ ጋ ሲደርሱ እጇ ቆመ።

«ዝም ማለትን አስተማርኩሽ፣» አለች። «ደግነትም እንደሚያወራ ግን አልነገርኩሽም። እኔም በረንዳው ላይ ሳለን ሠርቼዋለሁ። የአንዷ ልጅ በጠና መታመሙን ነግራኝ፣ በነጋታው ስትመጣ እንደ እንቁላል ያዝኳት። ሌሎቹ አይተው፣ 'ይቺን ምን አግኝቷት ነው?' ብለው በሦስት ቀን ውስጥ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፊት ማሳየት ተማርኩ። ላዘነውም ለተደሰተውም ያው።» ውሃውን ዘጋችው። «ያንኑ ፊት ቤትም ይዤው ገባሁ መሰለኝ።»

ሣጥን ጣሪያው ላይ ያለውን እድፍ አየች። «አልተናገርኩም ስልሽ ለምን ይቅርታ ጠየቅሻት?»

እናቷ ፎጣ አምጥታ ፀጉሯን ጠቀለለችላት፤ ወንበሩን አዙራም ፊት ለፊቷ ቆመች።

«አምኜሽ ነበር። ያኔውኑ አምኜሻለሁ። ደንበኛዬን በሰው ፊት ውሸታም እንዳላደርጋት ብዬ ነው። ለዚህ መስታወት ብዬ አንቺን ሰጠሁሽ። ጥፋቴ ነው ልጄ። ይቅርታ ልጠይቅ የሚገባኝ አንቺን ነበር።»

ሣጥን ምን እንደሚባል አላወቀችም። «እህ፣» አለች።

ሁለቱም ተያዩ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። እናቷ በፎጣው ጠርዝ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች።

ሹሩባውን ስትጀምርላት ጉልበቷን ጀርባዋ ላይ አስደገፈች፤ እንደ በረንዳው ጊዜ። ሣጥን፣ «ብነግራት ደንበኛ ይመለሳል፣» አለች። «እሷም ትመለሳለች።»

«ስለ ደንበኛ አታስቢ። ፀጉር እንደሆነ ሰው ስለተቀየመ ማደጉን አይተውም። ቀስ ብለው ይመጣሉ።» አንዱን ጉንጉን ጨርሳ ሌላውን ያዘች። «ስለ ልጅቷ ግን እንዲህ አድርጊ አልልሽም። አንዴ በአንቺ አፍ ቃል ገብቼ ያመጣሁብሽን አየሁት።»

ሣጥን ከወንበሩ ስትነሳ በመስታወቶቹ ሁሉ ውስጥ አንድ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ተነሳች። የጨርቅ ከረጢቷን አንስታ ወጣች። መንገድ ላይ ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ቀና ብሎ፣ «ውይ ስታምሪ! ማን ነው የሠራሽ?» አላት።

«እናቴ፣» አለች ሣጥን። እግሯ ግን እየከበዳት ነበር።

ፌንጣ በራፋቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አየቻትና ተነሳች።

«እሺ። ንገሪኝ።»

«አላውቅም ልልሽ እችል ነበር፣» አለች ሣጥን። «አውቃለሁ። ግን ከእኔ አትሰሚውም።»

የፌንጣ ፊት ተለዋወጠ። «ሙድ ልትይዢብኝ ነው የመጣሽው?»

«ከእኔ ከሰማሽው ሁልጊዜ የፀጉር ቤት ወሬ ይሆንብሻል። ከእናትሽ ነው መስማት ያለብሽ። ነገሩ የእሷና የአንቺ ነው።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ስትጠይቂያት ብቻሽን እንዳትሆኚ። እዚህ እጠብቅሻለሁ። እስክትወጪ አልሄድም።»

«ካልወጣሁስ? ባልፈልግሽስ?»

ሣጥን ይህንን መንገዱን ሙሉ አስባበታለች፤ ሲነገር ግን የባሰ አመማት። «ያኔም እዚህ ነኝ፣» አለች።

ፌንጣ ዞር ብላ በሩን አየች። «ብጠይቃት እንደገና አፍንጫዋን ታሻለች።»

«እጇን ያዢያ።»

ፌንጣ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሣጥን ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱ ክፍት ነበር። መጀመሪያ የፌንጣ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የባለፋርማሲዋ፣ ከዚያ ወንበር ተጎተተ። «አባትሽ እኮ...» የሚል ቃል ጥርት ብሎ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ጆሮዋ እንደ ልማዱ ተቀሰረ።

ተነሳች። መንገዱን ተሻገረች፤ ከማዶ ዝቅተኛ ግንብ አለ። መጀመሪያ ዛፉ ሥር ልትቀመጥ ነበር፣ ግን ከዚያ መስኮቱ አይታይም። ራቅ ብላ ሞከረች፣ ደግሞ በጣም ራቀ። መጨረሻ ላይ ድምፅ የማይደርስበት፣ ከመስኮቱ የወጣ ዓይን ግን የሚያገኛት ቦታ አገኘችና ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።

ከከረጢቷ ቀዩን ጨርቅ አወጣች። አሁንም ያዞራታል። መርፌዋ ውስጥ ክር አስገብታ መስፋት ጀመረች።